አፈሩ ጠማው ወይስ ጠገበ? ስለ ሴንሰር፣ ስለ ሞዴልና ስለ ገበሬው ውሳኔ

ከባሕር ዳር ወደ መርዓዊ ስትወጡ የቆጋ መስኖን ታገኛላችሁ። ግድቡ ወደ 7,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት እንዲያጠጣ ታስቦ የተሠራ ነው። በበጋ በዚያ ያለፈ ሰው ስንዴው፣ ድንቹና ሽንኩርቱ ለምልሞ ያያል። ቦዩን ተከትሎ ግን አንድ የማያልቅ ጭቅጭቅ አለ። የውሃ ተራ ነው።

ከቦዩ ላይኛው ጫፍ ያለው ገበሬ ማሳውን ያጥለቀልቃል። ከታች ያለው ደረቅ ቦይ እያየ ይጠብቃል። የላይኛው ክፉ ሆኖ አይደለም። ተራው ደርሶ ካላጠጣ ቀጣዩን መቼ እንደሚያገኝ አያውቅም። ደግሞም አፈሩ ከሥር ምን እንደሚመስል አይታየውም። ላዩ ተሰነጣጥቆ ካየ ጠምቶታል ብሎ ያጠጣል። ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ግን ጭቃ ሊሆን ይችላል።

ስለ ዘመናዊ ግብርና ሲወራ ቶሎ ዓይናችን ላይ የሚመጣው ድሮን፣ ሾፌር አልባ ትራክተርና ቲማቲም የሚለቅም ሮቦት ነው። እኔ ወሬውን ከዚህ ቦይ ዳር መጀመር የፈለግኩት በምክንያት ነው። ፕሪሲዥን ፋርሚንግ የሚባለው ነገር ሲገላለጥ ሐሳቡ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ማሳ፣ ለእያንዳንዱ ኩሬ፣ የሚያስፈልገውን ያህል በሚያስፈልገው ሰዓት መስጠት ነው። ለዚህ ደግሞ መጀመሪያ ዓይን የማያየውን ማየት ያስፈልጋል። ከመሬት በታች ያለውን ውሃ፣ በነፋስ የሚጓዘውን የበሽታ ዱቄት፣ በኩሬ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን። ማየት ብቻውን ግን አይበቃም። ያየነው ነገር ገበሬው ዛሬ ሊወስደው ወደሚችለው ውሳኔ ካልተለወጠ ገንዘቡም ድካሙም ከንቱ ነው። ብዙ ፕሮጀክት ወድቆ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

እስስቱ የሚናገረው

ሪቻርድ ስተርዛከር የሚባል የአፈር ተመራማሪ አለ። የአውስትራሊያ መንግሥት የሳይንስ ተቋም በሆነው ሲ.ኤስ.አይ.አር.ኦ (CSIRO) ውስጥ ነው የሠራው። ሁለት መሣሪያዎች ከእሱ ሥራ ወጥተዋል። አንደኛው ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ የፕላስቲክ ዕቃ ነው። ነዳጅ ወደ ጀሪካን ሲቀዳ አፉ ላይ የሚሰካውን ዕቃ ይመስላል። ሥሩ ያለበት ጥልቀት ላይ ይቀበራል። ውሃ ከላይ ሰርጎ እዚያ ሲደርስ ከመሬት በላይ ያለች ትንሽ ምልክት ብቅ ትላለች። ደርሷል፣ በቃ ማለቷ ነው። ባትሪ የለው፣ ስልክ አይፈልግ።

ሁለተኛው ካሜሊዮን ይባላል፤ እስስት ማለት ነው። በተለያየ ጥልቀት የሚቀበሩ ትንንሽ ሴንሰሮች አሉት። ገበሬው ማንበቢያውን ከሽቦው ጋር ሲያገናኝ ለየጥልቀቱ መብራት ይበራል። ሰማያዊ ከሆነ አፈሩ ርጥብ ነው። አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው። ቀይ ከሆነ ደርቋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብልሃቱ ያለው እዚህ ነው። ይህ መሣሪያ አፈሩ ውስጥ ስንት ሊትር ውሃ እንዳለ አይለካም። የሚለካው ሥሩ ያንን ውሃ ለመሳብ ምን ያህል መታገል እንዳለበት ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ጥቁር መረሬ አፈር ብዙ ውሃ ይዞም ለሥሩ ላይለቅለት ይችላል። አሸዋማ አፈር ግን ትንሽ ይይዛል፤ ያቺኑ በቀላሉ ይሰጣል። የውሃውን መጠን በመቶኛ የሚያሳይ መሣሪያ ብትሰጡት ገበሬው ቁጥሩን ለራሱ አፈር መተርጎም አለበት። ትግሉን የሚለካ መሣሪያ ግን ለመረሬውም ለአሸዋውም አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣል። ቁጥሩ ወደ ቀለም መለወጡ ደግሞ ሥራውን ጨረሰው። ያልተማረ አባወራም፣ ከትምህርት ቤት የመጣ ልጅም እኩል ያነበዋል።

ይህ መሣሪያ በታንዛኒያ፣ በዚምባብዌና በሞዛምቢክ ባሉ ትንንሽ የመስኖ ቦታዎች ለዓመታት ተሞክሯል። የታየው ነገር ብዙ ሰው የጠበቀውን ያህል ብቻ አልነበረም። ገበሬዎቹ የሚያጠጡበትን ጊዜ ቀነሱ። ምርቱ ግን አልቀነሰም፤ እንዲያውም በብዙዎቹ ዘንድ ጨመረ። እንዴት ሆነ? ውሃ ሲበዛ ማዳበሪያውን ይዞት ይወርዳል። ዩሪያው አፈር ውስጥ ወደ ናይትሬት ከተለወጠ በኋላ ከውሃ ጋር ይሟሟል። ማሳ ባጥለቀለቅን ቁጥር ገንዘብ የወጣበትን ምግብ ሥሩ ከማይደርስበት ጥልቀት እየላክነው ነው። የዛሬን የማዳበሪያ ዋጋ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚያንገበግብ ይገባዋል።

ሌላም ነገር ተከተለ። በውሃ መጣላት ቀነሰ። በቦዩ ታችኛ ጫፍ ላሉት ውሃ መድረስ ጀመረ። ሌሊት ተነስቶ ውሃ መጠበቅ የቀረላቸው ሰዎች ጊዜውን ለሌላ ሥራ አዋሉት። እውነቱን ለመናገር ይህን ሁሉ ያመጣው መሣሪያው ብቻውን አይደለም። ገበሬው፣ ነጋዴውና የግብርና ባለሙያው አንድ ላይ እየተቀመጡ ስለ ገበያና ስለ ዘር የሚነጋገሩበት መድረክም አብሮ ተዘርግቷል። ውሃ ቆጥቦ ሽንኩርቱን የሚሸጥበት ያጣ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ስለ ሴንሰር ሊያወራችሁ አይፈልግም።

በእኛም አገር የዓለም አቀፉ የውሃ አስተዳደር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች እነዚህን መሣሪያዎች ቆጋን ጨምሮ በተለያዩ ቦታዎች ሞክረዋቸዋል። ምርት ሳይጎዳ ውሃ መቀነስ እንደሚቻል ታይቷል። ጥያቄው ሌላ ጋ ነው። በተራ በሚታደል መስኖ ውስጥ አንድ ገበሬ ብቻውን መብራቱ ሰማያዊ ሆኖ ቢያይ ምን ያደርጋል? ተራውን ቢለቅ ነገ ቀይ ሲሆንበት ማን ይሰጠዋል? ስለዚህ ለኔ ሴንሰሩ መጀመሪያ መድረስ ያለበት ተራውን ለሚያወጣው ሰው ነው። በብዙ ባህላዊ መስኖ የውሃ አባት አለ፤ በዘመናዊው ደግሞ የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር። የውሃ አባቱ የአሥር ማሳ ቀለም አይቶ «የእገሌ ይቆይ፣ የእገሌ ይቅደም» ቢል የሚያምነው ያገኛል። ቀለሙን ሁሉም አይቶታልና።

ዋግ ከመምጣቱ በፊት

አሁን ከመሬት በታች ወጥተን ወደ ነፋሱ እንሂድ። «ዋግ መታው» ማለት በቋንቋችን ድንገት የመጣ ጥፋት ነው። ስንዴ ዘሪው ቃሉ ከየት እንደመጣ ያውቃል፤ ዋግ ስንዴን የሚያጠቃ የፈንገስ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳና ጋላማ የሚባሉትን፣ በሰፊው ይዘሩ የነበሩትን የስንዴ ዝርያዎች ክፉኛ ጎዳ። ብዙ ገበሬ ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ዲገሉ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ባሌና አርሲ ላይ አዲስ ዓይነት የግንድ ዋግ ተነሳ። ያ በሽታ ነጥሎ የመታው ዲገሉን ነበር። ማሳው ሙሉ እያለ ከፍሬው ምንም ያላገኘ ቤተሰብ ነበር።

የዋግ ዱቄት በነፋስ ይሄዳል። ከአንዱ ዞን ተነስቶ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ቅጠሉ ላይ አርፎ ለሰዓታት እርጥበት ካገኘ ይበቅላል። ገበሬው ቀለሙን በዓይኑ ሲያይ ብዙ ጊዜ መሽቷል። መድኃኒቱ አለ፤ ቲልትም ሬክስ ዱዎም በገጠር የታወቁ ስሞች ናቸው። ችግሩ ቀኑ ነው። ሳምንት ቀድሞ የተረጨና ሳምንት ዘግይቶ የተረጨ አንድ አይደሉም።

እዚህ ላይ ሞዴል የሚባለው ነገር ገባ። የእንግሊዝ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት አንድ የኮምፒውተር ሞዴል አለው። የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1986 የቼርኖቤል የኑክሌር አደጋ ከደረሰ በኋላ ነው። ዓላማው ጨረር የሚያመነጨው ብናኝ በነፋስ ወዴት እንደሚሄድ መተንበይ ነበር። ቆይቶ የእሳተ ገሞራ አመድንም ለመከታተል አገለገለ። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ሲሚት የሚባለው የስንዴና የበቆሎ ምርምር ማዕከል፣ የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትና ሌሎች ሆነው ይህንኑ ሞዴል ወደ ዋግ አዞሩት። ለአንድ አደጋ የተሠራ ዕውቀት እንዲህ ዞሮ የአርሲን ስንዴ ሲጠብቅ ማየት ልቤን ይነካዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የምርምር ሠራተኞች በመኸር ወቅት በየመንገዱ እየቆሙ ማሳ ይፈትሻሉ። ያዩትን በስልክ ወይም በታብሌት ይመዘግባሉ። ሞዴሉ ያንን ይወስድና ከነፋሱ፣ ከዝናቡና ከሙቀቱ ትንበያ ጋር ያገናኘዋል። ዱቄቱ በሚቀጥሉት ቀናት የት ሊያርፍ እንደሚችል፣ ካረፈም እዚያ የሚበቅልበት እርጥበት ይኖር እንደሆነ ያሰላል። ከዚያ ማስጠንቀቂያው ወደ ግብርና ቢሮዎች፣ ወደ ልማት ሠራተኞችና በአጭር መልእክት ወደ ገበሬው ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ የጀመረው 8028 የስልክ መስመርም አለ። ገበሬው በነጻ ደውሎ በሚገባው ቋንቋ ምክር የሚሰማበት ነው። ብዙ ገበሬ ስማርት ስልክ በሌለው አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ይህ ሥርዓት በማሳው ላይ አንድም ሴንሰር አልተከለም። ሴንሰሩ ሰው ነው፤ ቅጠል ገልጦ የሚያይ ሰው። ስለ ትልቅ ዳታ የሚያወሩ ብዙዎች ይህን ይዘሉታል። ሠራተኛው ነዳጅ አጥቶ ወይም መንገዱ ደኅንነት አጥቶ መውጣት ያቃተው ዓመት፣ ሞዴሉ ያለ ዓይን ነው የሚያሰላው።

ሳልሞን፣ ቅማልና ሌዘር

ከእኛ በጣም ሩቅ የሆነ አንድ ምሳሌ ላምጣ። የሚያስተምረን ነገር አለና። ኖርዌይ በዓለም አንደኛዋ የሳልሞን አርቢ ናት። ዓሦቹ የሚያድጉት ባሕር ውስጥ በተዘረጋ ትልቅ መረብ ውስጥ ነው። ሕጉ በአንድ መረብ እስከ 200,000 ዓሣ ይፈቅዳል። ከወጪው ግማሽ ያህሉ መኖ ነው። ለዚህ ነው ካሜራ ወደ ውሃው የገባው። ባለሙያው የብስ ላይ ተቀምጦ በስክሪን ዓሦቹ ሲበሉ ያያል። መብላት ሲያቆሙ እሱም መኖውን ያቆማል። ያልተበላ መኖ ወደ ታች ከወረደ ገንዘብም ነው፣ ቆሻሻም ነው።

ትልቁ ራስ ምታታቸው ግን የዓሣ ቅማል ነው። የሳልሞኑ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ይበላዋል። ሕጉ ጥብቅ ነው። በአማካይ በአንድ ዓሣ ላይ ከግማሽ በላይ ያደገች ሴት ቅማል መኖር የለበትም። ማለትም በሁለት ዓሣ አንድ ነው። የዱር ሳልሞን ልጆች ከወንዝ ወደ ባሕር በሚወርዱበት የጸደይ ወቅት ደግሞ ከዚህም ያንሳል። አርቢዎቹ ቅማል ቆጥረው በየጊዜው ለመንግሥት ያሳውቃሉ። ከዚህ ጭንቀት የተወለደ አንድ ሮቦት አለ፤ ስቲንግሬይ የሚባል ድርጅት የሠራው። ውሃ ውስጥ ተንጠልጥሎ የሚያልፉትን ዓሦች በካሜራ ያያል። ቅማሉን ሲለይ በሌዘር ይመታዋል። የሳልሞኑ ቆዳ ብርሃኑን ያንጸባርቃል፤ ጠቆር ያለው ቅማል ግን ይቃጠላል።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሌዘሩ ነው። እኔን የገረመኝ ሌላው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ኖርዌይ የባሕር ዳርቻዋን በ13 ቀጠና ከፍላለች። የባሕር ተመራማሪዎች የቅማሉ ጫጩቶች በውሃ ሞገድ ወዴት እንደሚሄዱ፣ ምን ያህል የዱር ሳልሞን እንደሚገድሉ በሞዴል ያሰላሉ። ከሌሎች መረጃዎች ጋር ተመዝኖ ለየቀጠናው ቀለም ይሰጠዋል። አረንጓዴ ካገኘ ምርቱን በ6 በመቶ ማሳደግ ይችላል። ቢጫ ካገኘ ባለበት ይቆማል። ቀይ ካገኘ በ6 በመቶ እንዲቀንስ ሊታዘዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 በምዕራቡ ዳርቻ ሁለት ቀጠናዎች ላይ ይህ ተፈጽሟል።

እንግዲህ አስተውሉ። ነፋሱ የዋግ ዱቄት ይሸከማል፤ ሞገዱ የቅማል ጫጩት ይሸከማል። ስሌቱ ዘመድ ነው። ልዩነቱ ከስሌቱ በኋላ ያለው ነው። ኖርዌይ ውስጥ ቀለሙ ከሕግና ከገንዘብ ጋር ታስሯል። የዋጉ ማስጠንቀቂያ ግን ሲደርስ ገበሬው መድኃኒቱን በቅርቡ ባለ ሱቅ ላያገኘው ይችላል፤ የጀርባ መርጫ ከጎረቤት መዋስ ሊኖርበት ይችላል። ማስጠንቀቂያው ትክክል ሆኖ ስንዴው ሊጠፋ ይችላል። የቴክኖሎጂ ድክመት የምንለው ብዙ ጊዜ ከመረጃው በኋላ ያለው የመንገድ መጨረሻ ነው።

የኛ ኩሬ ደግሞ

ወደ ቤት እንመለስ። በአገራችን ዓሣ ማርባት ገና ትንሽ ነው። አብዛኛው ዓሣ ከጣና፣ ከዝዋይ፣ ከጫሞና ከመሳሰሉት ሐይቆች ይጠመዳል። ግን ቆሮሶና አምባዛ በኩሬ የሚያረቡ ሰዎች አሉ። እነሱን በአንድ ሌሊት ባዶ እጃቸውን የሚያስቀራቸው የኦክስጅን ማነስ ነው።

ኩሬው አረንጓዴ የሚሆነው በውስጡ ባሉ ደቃቅ ዕፅዋት ነው። ቀን ፀሐይ ሲያገኙ ኦክስጅን ይሰጣሉ። ሌሊት ግን እነሱም እንደ ዓሦቹ ይተነፍሳሉ፤ ያለውን ይጋራሉ። ስለዚህ ኦክስጅኑ በጣም የሚያንሰው ሊነጋጋ ሲል ነው። ሰው ሁሉ ተኝቶ ባለበት ሰዓት ማለት ነው። የኦክስጅን ሴንሰር እዚህ ላይ ዋጋ አለው። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ባለቤቱን የሚቀሰቅስ ደወል ከስንት ጉዳት ያድናል። ግን ሴንሰሩ ውድ ነው። ውሃ ውስጥ ሲቆይ በአልጌ ይሸፈናል፤ ካልተወለወለ ይሳሳታል።

እስከዚያው ድረስ አርቢው ዓይኑና ክንዱ አለው። ክንዱን ወደ ውሃው ይዘረጋል። ውሃው እስከ ክርኑ ሳይደርስ መዳፉ ከጠፋበት ውሃው ከመጠን በላይ አረንጓዴ ሆኗል፤ ኩሬው ውስጥ የሚጨምረውን ማዳበሪያ ማቆም አለበት። ጎህ ሲቀድ ዓሦቹ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ ካያቸው መኖ ሰጥቶ ሳይሆን አዲስ ውሃ አስገብቶ ነው የሚያድናቸው። ቆሮሶ ነው ቶሎ የሚጨነቀው። አምባዛ ከአየር መተንፈስ ስለሚችል ይቆያል።

ስለ ሮቦት ብዙ አልልም። ሮቦት የሚመጣው የሰው ጉልበት ውድ የሆነበት ቦታ ነው። ላም የሚያልብ ሮቦት እ.ኤ.አ. በ1992 ኔዘርላንድስ ውስጥ ሥራ ሲጀምር ምክንያቱ ይኸው ነበር። ጤፍ የሚያርም ሮቦት ለአንድ ጥማድ መሬት ባለቤት ዛሬ መልስ አይሆነውም። ሳተላይት ግን ሌላ ነው። ሴንቲኔል ሁለት የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በየአምስት ቀኑ ያልፋሉ። ምስሉ በነጻ ነው። የምስሉ አንዷ ነጥብ በምድር ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት። ግማሽ ሄክታር ማሳ 50 ነጥብ ይሆናል ማለት ነው። የትኛው ጥግ እንደቀጨጨ ለማየት ይበቃል። ክረምት ላይ ደመናው ያስቸግራል፤ ሰብሉ በጣም በሚያስፈልገው ጊዜ ምስሉ ነጭ ሆኖ ይመጣል። ለመስኖ በጋ ግን ሰማዩ ክፍት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ጥገናው ነው። ሽቦውን ማረሻ ሲቆርጠው ማን ይቀጥለዋል? ባትሪው ሲያልቅ በአቅራቢያው ከተማ ይገኛል? ፕሮጀክቱ ሲዘጋ መረጃው የሚቀመጥበት ሰርቨር ማን ይከፍልለታል? ስለ ማሳው የተሰበሰበው መረጃስ የማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች መሣሪያው ከመገዛቱ በፊት በውሉ ላይ መጻፍ አለባቸው። የወረዳ ባለሙያ ካልሠለጠነበት፣ መለዋወጫው ከውጭ ምንዛሪ ወረፋ ጋር ከታሰረ፣ የዛሬው ሴንሰር ለከርሞ በመጋዘን አቧራ ይለብሳል።

እና ደግሞ ማሳ የሚፈትሸው ሰው ደመወዝ። መኸር ሲደርስ አርሲና ባሌ መንገድ ላይ መኪና አቁሞ ወደ ስንዴው የሚገባው ሠራተኛ፣ ቅጠሉን በጣቱ ሲያሸው ቢጫ ዱቄት ጣቱ ላይ ይቀራል ወይም አይቀርም። ስልኩን አውጥቶ ይመዘግባል። ወደ መኪናው ተመልሶ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይነዳና እንደገና ይቆማል። የዚያ ሰው የውሎ አበል የሚወሰነው በበጀት ሠንጠረዥ ላይ ነው፤ ከሴንሰርና ከድሮን ግዢ በታች፣ መጀመሪያ በሚቀነሰው መስመር ላይ።